ቪኤይት በአደራ

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ባለፈው ሐምሌ ለሕክምና ወደ ውጭ ሲሄድ ሁለት ነገር በአደራ ሰጠኝ። አንደኛዋ እናቱ ናቸው፤ በየቀኑ ደውዬ እንድጠይቃቸው። ሁለተኛው ቪኤይቱ ነው። የሰፈሩ መንገድ ለኮሪደር ልማት ተቆፍሮ ግቢው በር ላይ ሰው የሚውጥ ቦይ ስለተከፈተ፣ መኪናው የሰው ደጃፍ ከሚያድር ኮዬ ፈጬ እኔ ዘንድ ይክረም ተባለ። አማቴ አላስቸገሩኝም። ስደውልላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁኝ "ደህና አደረ?" ብለው ነው። ልጃቸውን መስሎኝ "ደህና ነው፣ ትናንት አናግሬዋለሁ" ስል ከረምኩ። ለካ የሚጠይቁኝ ስለ መኪናው ኖሯል።

በአማርኛ መኪና ሴት ናት። ቪትዟም፣ ኮሮላዋም፣ ዶልፊኗም "እሷ" ናቸው። ቪኤይት ላይ ስንደርስ ግን አንደበታችን ራሱ ይታረምና "እሱ" እንለዋለን። ትንሽ ጊዜ ቢሰጠን "እሳቸው" ማለታችን አይቀርም።

እኔ መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ መኪና የለኝም። ፈቃዱን በየጊዜው የማሳድሰው ሰው የሰርግ ልብሱን ዓመት በዓመት አውጥቶ ፀሐይ እንደሚያስመታው ነው። እናም ቁልፉን ተቀብዬ ከሲኤምሲ እስከ ኮዬ የነዳሁት እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ነበር። ኋላዬ የነበሩት ሚኒባሶች በሌላ ጊዜ ቢሆን ዘር ማንዘሬን ያነሱ ነበር። ያን ቀን አንድም ጥሩምባ አልሰማሁም። ቀስ ብሎ የሚሄድ ቪኤይት ሲያዩ ውስጡ የሚያስብ ትልቅ ሰው ያለ ይመስላቸዋል።

ብሎካችን ደጅ ስደርስ ልጆቹ ኳሳቸውን አቁመው ዳር ያዙ። የጥበቃው ጋሼ፣ በባጃጅ ስመጣ ከበርጩማቸው ቀና እንኳ የማይሉት ሰውዬ፣ ብድግ ብለው ኮፍያቸውን አስተካከሉ። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ "እኔ ነኝ ጋሼ" ስላቸው "አንተ ነህ እንዴ?" ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። ሌሊቱን ግን አስበውበት ነው መሰለኝ ጠዋት "እንዴት አደሩ?" አሉኝ። አራት ዓመት ሙሉ አንተ ሲሉኝ የኖሩ ሰው በአንድ ሌሊት አንቱ አሉኝ። የቪኤይት የመጀመሪያው ጥቅም ይኸው ነው፤ ሰዋስው ያስተካክላል።

ከዚህ በፊት ስለ መኪናው የማውቀው እንደማንኛውም እግረኛ ከውጭ ነበር። ጥቁር ታርጋ ባለ 4 ከሆነ የመንግሥት፣ ሰማያዊ ባለ 2 ከሆነ የግል፣ ብርቱካናማ ከሆነ የእርዳታ ድርጅት፣ በሦስቱም በኩል ግን ውኃ የሚረጨኝ እሱ መሆኑን አውቅ ነበር። አሁን ባለአደራ ስሆን ታሪኩን ማንበብ ጀመርኩ። ላንድክሩዘር በጃፓን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው፤ ስሙን ያገኘው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። እኛ አገር በየዘመኑ በየስሙ ኖሯል፦ ሎንግቤዝ፣ ከዚያ ኮብራ። ቪኤይት የሚለው ስም የመጣው ሲሊንደሮቹ አራት አራት ሆነው በ"ቪ" ቅርጽ ከተደረደሩበት ባለ ስምንት ሞተር ነው። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ባለ 200 ቁጥሩ እዚህ ሲደርስ ነገሩ የሞተር ስም መሆኑ ቀርቶ ማዕረግ ሆነ። "እገሌ እኮ ቪኤይት ደረሰ" ይባላል፤ ደጃዝማችነት ደረሰ እንደሚባለው።

ማዕረግ መሆኑን የሚያረጋግጠው ደግሞ ይህ ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2021 ባለ 300 ቁጥሩን ሲያወጣ ስምንቱን ሲሊንደር ትቶ ወደ ስድስት ወረደ። አዲሱ ቪኤይት፣ ቪኤይት አይደለም። እኛ ግን እሱንም ቪኤይት ነው የምንለው። ማዕረግ ሲሻር ስሙ አብሮ አይሻርም፤ ከአብዮቱ በኋላ ስንት ግራዝማች ግራዝማች እንደተባለ ተቀብሯል።

መኪናውን በሜትር ለካሁት። ርዝመቱ 4 ሜትር ከ95፣ ወርዱ 2 ሜትር ሊሞላ ጣት ቀርቶታል። የሚይዘው መሬት 10 ካሬ ሊሆን ምንም አልቀረው። የልጆቻችን መኝታ ቤት 9 ካሬ ነው። ባለቤቴ ቁጥሩን ስትሰማ ትንሽ ዝም አለችና "ወንበሩ ቆዳ ነው፤ ስምንት ሰው ይይዛል፤ መሐሉ ላይ ማቀዝቀዣ አለው። ለምን እኛ እዚያ ገብተን ቤቱን አናከራየውም?" አለች። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

የቆመው ልብስ ማስጫው ሽቦ ሥር ነው፤ ሌላ ቦታ የለም። የኮንዶሚኒየሞቹ ንድፍ ሲወጣ ነዋሪው መኪና ይኖረዋል ተብሎ የታሰበ አይመስለኝም፤ ቢታሰብም ቪትዝ ነው። ስለዚህ የአራት ቤተሰብ አንሶላ እላዩ ላይ ይንጠባጠባል፤ ጠዋት ስወርድ ጣራው ላይ የሕፃን ካልሲ አገኛለሁ። በዚያ ላይ ስጋቱ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ያሳደረ ሰው ሁሉ ስፖኪዮ የሚባለውን ቃል ሲሰማ ይደነግጣል። ማታ ሦስት ጊዜ እየተነሳሁ በመስኮት አያለሁ፤ ሁለቱም ስፖኪዮዎች አሉ፣ እተኛለሁ። በአራተኛው ቀን ባለቤቴ "ልጆቹ ሕፃን ሳሉ አንድም ሌሊት እንዲህ አልተነሳህላቸውም" አለችኝ። እውነቷን ነው። ልጆቹን ግን ማን ነቅሎ ይወስዳቸዋል?

አሁን ወደ ጥቅሙ ልመለስ፤ ጥቅም የለውም ብል ሰፈሩ ይታዘበኛል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቪኤይት ማለት የውኃ ቦቴ ማለት ነው። የኋላውን ወንበር አጥፈን ሃያ ቢጫ ጀሪካን ጫንን። 400 ኪሎ መሆኑ ነው፤ ሞተሩ ግን የተጫነበት መሆኑን የሰማ አይመስልም። 4,461 ሲሲ፣ ሁለት ቱርቦ ያለው የናፍጣ ሞተር ለሹም ሽርሽር ብቻ ተሠርቷል ያለው ማነው? የእድራችን ዳኛ ይህን ሲያዩ ጊዜ አልፈጁም፤ በማግስቱ የእድሩን ድንኳን ከነምሰሶው፣ ሁለት ትልልቅ ብረት ድስት፣ ሠላሳ ወንበር ጫንኩ። አማቼ በስልክ "ሞተሩን አልፎ አልፎ አሙቅልኝ" ብሎኝ ነበር። አሙቄዋለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን ጭቃው ነው። ኮዬ ፈጬ የተቀመጠው መረሬ ላይ ነው። አፈሩ በበጋ ተሰንጥቆ እግር ይውጣል፣ በክረምት አብጦ ጫማ ይወስዳል። እዚህ ሰፈር አንድ እግር ጫማ የቀረበት ቤት አይጠፋም። የመኪናው ሆድ ከመሬት 23 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ እኛ ደግሞ ያንን ከፍታ ለመፈተን የተፈጠረ መንገድ አለን።

ፈተናው የመጣው በስድስተኛው ቀን ነው። ከብሎካችን ጀርባ ለቧንቧ ተቆፍሮ በአፈር የተደፈነ ቦታ አለ፤ ከላይ ሲያዩት መሬት ይመስላል። ለመዞር ወደዚያ ገፋ ሳደርግ የኋላ ጎማው ገባ። ነዳጅ ስሰጥ የባሰ ገባ። ሰፈሩ በሁለት ደቂቃ ተሰበሰበ። ልጆቹ ድንጋይ አመጡ፤ የባጃጅ ሾፌሮች ገመድ አመጡና ሦስት ባጃጅ ተቀጣጥሎ ይጎትት አሉ። ከሁለት ተኩል ቶን በላይ የሚመዝነውን ነገር ሦስት ባጃጅ ሲጎትተው ለማየት እኔም ጓጉቼ ነበር፤ ዳሩ መኪናው አደራ ነው። ከገጠር ልጃቸው ዘንድ የመጡ አንድ አዛውንት ከዘራቸውን ተደግፈው አዩትና "ተዉት ይረፍ፤ በቅሎም እንዲህ ሲይዛት ስትመቷት የባሰ ትሰጥማለች" አሉ።

አማቼ ዘንድ ደወልኩ። እዚያ ሌሊት ነው። "መሪው አጠገብ ክብ ነገር አለ አይደል? ኤች4 ይላል፤ ኤል4 ላይ አዙረው" አለኝ በእንቅልፍ ድምፅ። አዞርኩት። መኪናው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ አንድ አንድ ጎማውን እያነሳ፣ ጭቃውን ንቆት ወጣ። ሰፈሩ አጨበጨበ። ጭብጨባው ለእኔ አለመሆኑ ገብቶኛል። ስድስት ቀን ሙሉ የዚያን ማዞሪያ ጥቅም ሳላውቅ ኖሬአለሁ፤ ቪኤይት ይዘው አስፋልት ላይ ብቻ የሚውሉት ሰዎች ስንቱ ያውቁት ይሆን?

በማግስቱ ማደያ ሄድኩ። ባለ 200 ቁጥሩ ሁለት ነዳጅ ጋን አለው፤ 93 እና 45፣ በጠቅላላው 138 ሊትር ይጠጣል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ናፍጣ በሊትር 30 ብር አልሞላም ነበር። እኔ በሄድኩበት ቀን ከ100 ብር በላይ ነበር። ነዳጅ ቀጂው "ፉል ላድርገው አለቃ?" ሲለኝ ውስጤ ስሌቱን ሠራ፤ ከ13,800 ብር በላይ፣ ማለትም ከአንድ ወር የተጣራ ደመወዜ በላይ ነው። "የ2,000 ብር" አልኩት። ቀጂው አየኝ። በቪኤይት ሆኖ የ2,000 ብር የሚቀዳ ሰው ሙሽራ ይዞ ሹሮ ቤት እንደሚገባ ሰው ነው የሚታየው። በቴሌብር ከፈልኩ፣ መስኮቱን ዘጋሁ። መስኮቱ መጥቆሩ አንዱ ጥቅሙ ነው።

መስኮቱ የማያድነው ጉሊት ላይ ነው። ደንበኛዬ ቲማቲም በኪሎ 60 ብር ነበር የምትሸጥልኝ። ከቪኤይት ወርጄ አንድ ኪሎ ስላት ሚዛኑን እያስተካከለች "80 ገብቷል" አለች። "ትናንት ምሽት 60 አልነበረም?" አልኳት። መኪናውን በአገጯ እያሳየችኝ "ትናንት በእግርዎ ነበር የመጡት" አለችኝ። አንቱታው እንዲህ ነው፤ 20 ብር ይዞ ይመጣል። ላቫጆውም ጎሚስታውም ያው ነው፤ የሚያስከፍሉት በሥራው ሳይሆን በቁመቱ ነው። የአንደኛ ፎቋ እትዬ ደግሞ ዕቁቤ ደርሶኝ የደበቅኋቸው መስሏቸው ሁለት ቀን ቡና አልጠሩንም።

ይህ ሁሉ ግን አንድ ነገር ሊያሳየኝ ነበር እላለሁ፤ እሱም ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው።

ከዋናው አስፋልት እስከ ብሎካችን ያለውን መንገድ በባጃጅ ስመላለስ ጉድጓዶቹን በስም አውቃቸዋለሁ። የባጃጅ ሾፌሮቹ ናቸው ስም ያወጡላቸው። መጀመሪያ ያለው "ዕውቂያ" ነው። ከዚያ "ወገብ ይፍታህ"። መሐል ላይ ያለው "አስታራቂው" ይባላል፤ ከኋላ ተኳርፈው የተቀመጡ ባልና ሚስት ሳይወዱ ይተቃቀፉበታል። የመጨረሻው "ክፈል" ነው፤ እሱ ጋ ስትደርስ ኪስህ ያለው ሳንቲም ራሱ ይወጣል። እኒህን ጉድጓዶች ስንረግም አራት ክረምት አልፎናል።

በቪኤይት በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ እያወራን ስንመጣ ብሎኩ ደጅ ደረስን። "አስታራቂውን ደፈኑት እንዴ?" አለችኝ። ወርጄ በእግሬ ተመልሼ አየሁ። አስታራቂው ባለበት አለ፤ ውኃ አቁሯል፤ የጎማችን ምልክት መሐሉ ላይ ነው። አልፈንበት ነው ያልሰማነው።

ቆሜ ብዙ አሰብኩ። ይህን መንገድ ሊያዩ የመጡ ባለሥልጣናትን አስታወስኩ። በየዓመቱ አንድ ሁለት ጊዜ ሦስት አራት ቪኤይት ተከታትሎ ይመጣል፤ መጥቶ ይሄዳል። "መንገዱ መጥፎ ነው ስንላቸው አይሰሙንም" እያልን ስናማቸው ኖረናል። አልሰማን ያሉ መስሎን ነበር። ሰዎቹ ግን እውነታቸውን ነው፤ እላይ ሆነው በእርግጥ ምንም አይሰማም! መንገድ ሠሪውን ከመንገዱ የሚለይ መኪና ገዝቶ ሰጥቶ መንገዱን አላስተካከለም ብሎ መቆጣት ምን ይሉታል? ክፋት የለበትም፤ ስፕሪንጉ ጥሩ ስለሆነ ነው። ሹም ሆኖ መንገድ የሚቆጣጠር ሰው በወር አንድ ቀን በባጃጅ፣ ከኋላ፣ በመሐል፣ ቢቻል ሁለት ወፍራም ሰው ከግራና ከቀኝ ሆነው እንዲመጣ እመክራለሁ። አስታራቂው ያስታርቀናል።

አዛውንቱ ስለ በቅሎ ያሉት ነገር በኋላ ነው የገባኝ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. መኪና አዲስ አበባ ሲገባላቸው መኳንንቱ ሰጋር በቅሏቸውን አልጣሉም። ለምን ይጥላሉ? መኪና መንገድ ይፈልጋል፤ በቅሎ ገደሉንም ጭቃውንም ታውቀዋለች። ጌታው ከላይ ሆኖ እግሩ ጭቃ አይነካም፤ ጋሻ ጃግሬው ከሥር በጭቃው እየሮጠ ይከተላል። መቶ ምናምን ዓመት መንገድ ስንሠራ ቆይተን ዞረን ዞረን የደረስነው መንገድ የማይፈልግ መኪና ላይ ነው። ቪኤይት ስምንት ሲሊንደር ያላት ሰጋር በቅሎ ናት፤ ይኸው ሴት ሆነች። ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ስዋሂሊ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን በማርቸዲስ ቤንዝ የሚሄዱትን ሹማምንት "ዋቤንዚ" ብለዋቸዋል፣ የቤንዝ ነገድ እንደማለት።

ፍርዴ እንዳይዛባ አንድ ቀን በትክክለኛ ቦታው አይቼዋለሁ። ቢሾፍቱ ለቀብር ስንሄድ ስምንት ሰው ሆነን ከቱሉ ዲምቱ የክፍያ በር ወደ ፍጥነት መንገዱ ወጣን። ያኔ ነው መኪናው ምን እንደሆነ የገባኝ። ድምፅ የለም። ከኋላ የተቀመጡት እናቶች እንደ ሳሎን ያወራሉ። ለቅሶ እየሄድን መሆኑን ረስተው አንዷ ዘፈን ክፈትልን ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ያን ያህል ክብደት በ120 ሲሄድ ግን ቁም ቢሉት ወዲያው እሺ አይልም። ከፊታችን አንዲት ቪትዝ ድንገት መስመር ስትቀይር ፍሬኑን ረገጥኩና የቆምነው ታርጋዋ ፊደል በፊደል ሲነበብ ነው። ብንነካካ ኖሮ እኛ የቡና ወሬ እያወራን ነበር የምንደርሰው፤ እሷ ግን አትደርስም ነበር። ሌላውን ሁሉ ነገር ይቅር ልለው እችላለሁ፤ ይህን አልችልም።

የሦስተኛ ፎቁ ጎረቤታችን ትንሽዬ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። ማታ ማታ ከመስኮቱ ኤክስቴንሽን ገመድ ያወርድና እንደ ጥጃ ያጠባታል። መብራት ከጠፋ ጠዋት በባጃጅ ይሄዳል፤ ካልጠፋ ግን የእኔ የ2,000 ብር ናፍጣ የሚያደርሰኝን ያህል መንገድ በጥቂት ብር ይመላለሳል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን እያስታወሰ ቪኤይቱን እንደ ዳይኖሰር ነው የሚያየው። እኔ ደግሞ ክልከላው ዳይኖሰሩን የባሰ አስወድዶታል አልኩት። በሌላው ዓለም መኪና ከመሸጫው በወጣ ማግስት ዋጋው ይወርዳል፤ የእኛ አገር መኪና እንደ መሬት ነው፣ ባረጀ ቁጥር ይጨምራል። አማቼ ከዓመታት በፊት በገዛበት ብር ዛሬ ግማሹን እንኳ አያገኝም። ጎረቤቴ የሚያሸንፈኝበት አጥቶ አያውቅም፦ "የእኔ አስታራቂው ውስጥ ከገባች አትወጣም፤ ስለዚህ መንገዱ እንዲሠራ በየሳምንቱ አቤት የምለው እኔ ነኝ። አንተ በቪኤይት ከመጣህ ወዲህ አንድ ቀን አብረኸኝ ሄደሃል?" አለኝ።

አልሄድኩም ነበር። ከዚያ በፊት በየማክሰኞው አብሬው ነበር የምሄደው።

አማቼ በነሐሴ አጋማሽ ተመለሰ። ደህና ሆኖ መጥቷል፣ ተመስገን። መጀመሪያ አማቴን ሳመ፣ ቀጥሎ መኪናውን ዞሮ አየ። ስፖኪዮዎቹ ሁለቱም አሉ። ከኋላ ወንበር ሥር አንድ የእድር ድስት ክዳንና አንድ የሕፃን ካልሲ አገኘ፤ ምንም አላለም። የእሱ ሰፈር ቦይ ተደፍኖ የእግረኛ መንገዱ ላይ መብራት ተተክሏል። ቁልፉን ተቀብሎ ሲነሳ ልጆቹ እስከ አስፋልቱ ሮጠው ሸኙት። አስታራቂውን ሲያልፍ ከኋላ ሆኜ አየሁት፤ የፍሬን መብራቱ እንኳ አልበራም።

በማግስቱ በባጃጅ ወጣሁ። የጥበቃው ጋሼ ከበርጩማቸው ሳይነሱ "እንዴት አደርክ?" አሉኝ። የአንደኛ ፎቋ እትዬ ቡና ጠሩን። ማክሰኞ ከጎረቤቴ ጋር ማመልከቻችንን ይዘን ሄድን። ወደ ቤት ስመለስ ጉሊት ጎራ ብዬ አንድ ኪሎ ቲማቲም አልኩ፣ በእግሬ፣ ጫማዬ ጭቃ ለብሶ። ደንበኛዬ አንቱታውን ትታዋለች። ቲማቲሙ ግን 80 ብር ነው።